የዱር እንስሳን ዱካ በጄሶ ማንሳት

ጅብ ሌሊት በጭቃ ላይ ጥሎት የሄደው ዱካ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ትንሽ ካፊያም ያጠፋዋል። በጄሶ ከተነሳ ግን ለዓመታት ይቀመጣል። የእንስሳው ዓይነት፣ የእግሩ ፊትና ኋላነት፣ የጎደለ ጣት ካለም እሱ ሳይቀር ይታወቅበታል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሚበላሸው ባብዛኛው በአቀላቀልና በችኮላ ነው።

ጄሶውን ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ መግዛት ይቻላል። የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የትኛውንም ብትገዙ ቤት ውስጥ ፈትሹት፦ ሁለት ማንኪያ ጄሶ በአንድ ማንኪያ ውሃ በጥብጡና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካልጠነከረ እርጥበት ገብቶበታልና ይዛችሁት አትውጡ። ከዚህ ሌላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ፣ መበጥበጫ ዕቃና ማንኪያ፣ ወረንጦ፣ ማስመሪያ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጋዜጣና ጄሶው እንዳይፈስ ዱካውን ለሚከብበው ቀለበት የሚሆን የፕላስቲክ ቁራጭ ያዙ። ከጀሪካን ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 55 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቆርጣችሁ ጫፍና ጫፉን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርባችሁ ብታያይዙት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀለበት ይወጣዋል፤ ለጅብም ለነብርም ይበቃል።

ዱካ ለመፈለግ የወንዝ ዳር፣ የኩሬ ጠርዝና የአፈር መንገድ ከሁሉ ይሻላሉ። ጊዜው ጠዋት በማለዳ፣ በተለይ ዝናብ ጥሎ ባቆመ ማግስት ነው። ትልቁን ሳይሆን ጥርት ያለውን ምረጡ። በጣም የረጠበ ጭቃ ላይ እግር ሲነሳ ጭቃው አብሮ ስለሚሳብ ጣቶቹ ይበላሻሉ፣ ዱካውም ከእውነተኛው መጠን ይሰፋል። የጅብ ጉድጓድ አጠገብ አትሥሩ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ አስቀድማችሁ ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ውሰዱ።

ከምንም በፊት ፎቶ ይነሳል። ማስመሪያውን ከዱካው ጎን አጋድሙና ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ አንሱ። ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች ጥላ ሥሩለትና ከጎን በባትሪ አብሩ፤ ጥልቀቱ የሚታየው በጎን ብርሃን ነው። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከዱካ እስከ ዱካ ያለውን እርምጃ ለኩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአፈሩን ዓይነትና እንስሳው የሄደበትን አቅጣጫ ጻፉ። ይህ ማስታወሻ የሌለው ጄሶ ለጥናት አይሆንም፤ የቤት ጌጥ ብቻ ነው።

ከዚያ ዱካውን አጽዱ። ላዩ ላይ የወደቀውን ቅጠል በወረንጦ አንሱ፤ እግሩ የጫነውን ግን ተዉት፣ ብትነቅሉት ጠርዙን ይዞ ይነሳል። ውሃ ከቋጠረ በስሪንጅ ምጠጡት። አፈሩ ደረቅና ብናኝ ከሆነ በፀጉር ስፕሬይ ከግማሽ ሜትር ርቀት ቀስ ብላችሁ ርጩት፤ ከቅርብ ከረጫችሁት ንፋሱ ራሱ ዱካውን ይበትነዋል። በመጨረሻም ቀለበቱን ከዱካው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል አርቃችሁ መሬት ውስጥ ጥቂት አስገቡት።

አሁን ቅልቅሉ። ልኩ በመጠን ሁለት እጅ ጄሶ ለአንድ እጅ ውሃ ነው። ለተጠቀሰው ቀለበት 250 ሚሊ ሊትር ውሃና ግማሽ ሊትር የሚሞላ ጄሶ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይሰጣል። ውሃው ይቅደም፤ ጄሶው በላዩ ይነስነስ። ተገልብጦ ውሃ ጄሶ ላይ ከተደፋ ሥሩ ዱቄት ሆኖ ይቀርና በኋላ ይፈረፈራል። ነስንሳችሁ ስትጨርሱ አንድ ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በቀስታ አማስሉት። በኃይል መምታት አረፋ ያስገባል፤ አረፋው ደግሞ ጣት ላይ ሄዶ ይቀመጥና ሲደርቅ ቀዳዳ ይሆናል። አረፋው እንዲወጣ ዕቃውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አድርጉት። ውፍረቱ ቀጠን ያለ የአጥሚት ያህል ይሁን። ሲወፍርባችሁ ውሃ አትጨምሩ፤ መጠንከር የጀመረ ጄሶ ውሃ ሲጨመርበት ጥንካሬውን ያጣል።

ዱካው ላይ በቀጥታ አትድፉ። ቀለበቱ ውስጥ ከዱካው ጎን፣ ማንኪያ ደግፋችሁ በዝግታ አፍስሱና ራሱ ወደ ጣቶቹ ይፍሰስ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ማብረቅረቁን ሲተው ቀኑን፣ ቁጥሩንና የሄደበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት በእንጨት ጫፍ ጫሩበት። ቀስቱን አትዝለሉ፤ ጄሶው የእግሩ መርገጫ ቅርጽ ስለሆነ ግራና ቀኙ መሬት ላይ ካያችሁት ይገለበጣል።

ጄሶ ሲጠነክር ይሞቃል። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ተመልሶ ሲበርድና በጥፍር ስትመቱት እንደ ሸክላ ሲጮህ ደርሷል፤ በደረቅ አየር ግማሽ ሰዓት፣ በእርጥብ ወይም በብርድ ቦታ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ልጆች አብረው ካሉ እጃቸውን ቅልቅሉ ውስጥ ነክረው እንዳይቆዩ ተጠንቀቁ፤ ሙቀቱ ቆዳ ያቃጥላል።

ስታነሱት ጠርዙን ይዛችሁ አትፈልቅቁ፤ ይሰበራል። ዙሪያውን ቆፍሩና ከሥሩ ከነጭቃው አውጡት። በጋዜጣ ጠቅልሉት እንጂ በፌስታል አትዝጉት፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። የተረፈ ጄሶ መሬት ላይ አይጣል፣ ቧንቧም ውስጥ አይደፋ። ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ከደረቀ በኋላ በውሃና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት። በዚያው ቀን ያጠቡት ጄሶ የመዳፉ ስስ መስመሮች ከጭቃው ጋር ይላጣሉ፤ ከሁሉ የሚያናድደው ጥፋት ይኼ ነው።

አሁን ለንባብ ይመቻል። የጅብ ዱካ አራት ጣት አለው፣ የደነዘ ጥፍር ይታያል፣ የፊት እግሩ ከኋላው ይተልቃል፣ የመዳፉ የኋላ ጠርዝም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ የጥፍር ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም፤ የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ሦስት ጉብታ አለው። የውሻ ዱካ ሞላላ ሆኖ ጥፍሩ ይታያል፣ ግራና ቀኙም ይመሳሰላል። በጣቶቹና በመዳፉ መካከል መዳፉን ሳይነኩ መስቀለኛ መስመር ማስመር ይቻላል።

አንድ ጥብቅ ክልከላ አለ። ድንጋይ የሆነ ዱካ ላይ ጄሶ አይፈስም፤ ሲላቀቅ የድንጋዩን ገጽ ይዞ ይነሳል። በታንዛኒያ ላኤቶሊ በተባለ ቦታ የጥንት ሰው ተመራማሪዋ የሜሪ ሊኪ ቡድን በ1978 እ.ኤ.አ. ያገኘው፣ 3.66 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የጥንት ሰብዓዊ ፍጡራን ዱካ የተረፈው በእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአዋሽ ዳር በመልካ ቁንጥሬም 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የአዋቂዎች፣ የሕፃናትና የእንስሳት ዱካ በእሳተ ገሞራ አመድ ተሸፍኖ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሳትነኩት ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱና ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።