ሴንሲብል ሶከር ስትጫወቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴንሲብል ሶከርን ዛሬ ገና የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሰፊ ውጤት ይሸነፍና "ይሄ ጌም አይረባም" ብሎ ይዘጋዋል። በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ከተሠሩት የእግር ኳስ ጌሞች ሁሉ እንደሱ የሚያዝናና ጥቂት ነው። ሴንሲብል ሶፍትዌር የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያወጣው በመጀመሪያ ለአሚጋ እና ለአታሪ ኤስቲ ኮምፒውተሮች ነበር። አንድ ጆይስቲክ (የመቆጣጠሪያ ዘንግ)፣ አንድ ቁልፍ፣ በቃ። ችግሩ ሰው በአዳዲሶቹ ጌሞች የለመደውን እጅ ይዞ መምጣቱ ነው።

ሥዕሉን አይቶ መፍረድ

አዎ፣ ተጫዋቾቹ ጉንዳን ነው የሚያክሉት። ሜዳውም ከላይ ነው የሚታየው። ግን ካሜራው ከፍ በማለቱ ማን ነፃ እንደቆመ፣ የትኛው ተከላካይ ቦታውን እንደለቀቀ ኳስ ሳትለቁ ታያላችሁ። ከሱ በፊት ስሙ የገነነው ኪክ ኦፍ የተባለው የእግር ኳስ ጌም ሜዳውን ከቅርብ ስለሚያሳይ ጓደኛ ፍለጋ ራዳር (የሜዳው ትንሽ ካርታ) ላይ ማፍጠጥ ግድ ነበር።

ኳሱ እግር ላይ የተጣበቀ መስሎ መጫወት

በፍጥነት እየሮጣችሁ ድንገት ወደ ኋላ ብትዞሩ ተጫዋቹ ይዞራል፣ ኳሱ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ቀስ እያላችሁ በሰያፍ ታጠፉ። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ሳይዞሩ ማቀበል ነው። ቁልፉን ነካ አድርጎ መልቀቅ ቅብብል ነው፣ ትንሽ ያዝ ማድረግ ምት ነው። ይህንን ልዩነት ጣታችሁ እስኪለምደው ድረስ ስለ ግብ አታስቡ።

መትቶ እጅን ማሳረፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ የጌሙም ነፍስ ያለው እዚሁ ነው። ኳሱ ከእግር ከወጣ በኋላም ለቅጽበት ያህል የእናንተ ነው። ጆይስቲኩን ወደ ጎን ስትገፉት ይታጠፋል፣ ከምቱ አቅጣጫ በተቃራኒ ስትስቡት ከፍ ይላል፣ ወደ ምቱ አቅጣጫ ስትገፉት ደግሞ ዝቅ ብሎ ይከንፋል።

ወደ ላይ እያጠቃችሁ ነው እንበል፣ ከ16 ከ50 ውጪ ትንሽ በስተግራ ናችሁ። ቀጥ አድርጋችሁ ትመታላችሁ። ኳሱ ወደ ውጪ የሚወጣ ይመስላል። ወዲያው ጆይስቲኩን ወደ ቀኝ ስትገፉት ኳሱ አየር ላይ ይታጠፍና በግራው ቋሚ በኩል ገብቶ መረቡ ላይ ያርፋል። ይህንን አንዴ ያገባ ሰው ጌሙን መልሶ አይዘጋውም። ብዙው ጀማሪ ግን ይዘገያል፣ ኳሱ ሩቅ ከሄደ በኋላ ጆይስቲክ ቢወዛወዝ ምንም አይለወጥም። እጃችሁ ከምቱ ጋር እኩል መነሳት አለበት።

ለሁሉም ነገር ሸርተቴ

ኳስ ሳትይዙ ቁልፉን ስትጫኑ ተጫዋቹ ሸርተቴ ይወርዳል። ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ከሳታችሁ ሰውዬው መሬት ላይ ቀርቶ ባላጋራ ያመልጣል፣ ሰው ከነካችሁ ደግሞ ቅጣት ምትና ካርድ ይከተላል። ሮጣችሁ መንገዱን ዝጉበት፣ ኳሱን ሲያስረዝም ንጠቁ።

በቀጥታ ወደ ግብ ጠባቂው መሮጥ

ወጥቶ እግራችሁ ስር ይተኛበታል። በሰያፍ ግቡና ወደ ሩቁ ቋሚ ምቱ።

ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻ መጫወት

ኮምፒውተሩ አይናደድም፣ አይደነግጥም። ሰው ግን የምታጥፉበትን ጎን ያጠናል፣ ቀድሞ ይቆምላችኋል፣ እናንተም ሌላ መላ ትፈልጋላችሁ። ሁለት ሰው ሲይዘው ነው ጌሙ የሚደምቀው።

ተጫዋችን በስሙ መግዛት

ይሄ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን ተከታዩን ጌም፣ ሴንሲብል ወርልድ ኦፍ ሶከርን ለሚጫወቱ ነው። 1,500 ያህል ቡድኖችና 27,000 ያህል ተጫዋቾች አሉት፣ አሠልጣኝ ሆናችሁ እስከ 20 የውድድር ዘመን ትዘልቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የጌም ታሪክ አጥኚ ሄንሪ ሎውድና ባልደረቦቹ ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል ብለው ከመረጧቸው አሥር ጌሞች ውስጥ የስፖርት ጌም ይሄ ብቻ ነበር፣ እኔም ሲያንሰው ነው እላለሁ። እንግዲህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የተጫዋቹን ችሎታና ቦታ እዩ። ለአጥቂ ፍጥነትና አጨራረስ፣ ለተከላካይ ኳስ መንጠቅና በግንባር መግጨት ይቅደም። ገናና አማካይ ገዝታችሁ ተከላካይ ብታደርጉት ያወጣችሁት ገንዘብ ሜዳ ላይ አይታይም፤ በርካሽ የመጣ ትክክለኛ ተከላካይ ከሱ የተሻለ ይሠራላችኋል።