የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን አጭር የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

ለማስተምራቸው ልጆች ይህን ርዕስ ስሰጥ አብዛኞቹ በቀጥታ መቅደላ ይወጣሉ። ሽጉጥ ይተኮሳል፣ ቴዎድሮስ ይወድቃሉ፣ እቴጌይቱ ዳር ቆመው ያለቅሳሉ። እናንተ ከደረስጌ ጀምሩ።

አባታቸው የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩትም እሳቸው። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ ተሸንፈው ታሰሩ፤ በሁለተኛው ቀን ቴዎድሮስ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነገሡ። የቴዎድሮስና የጥሩወርቅ ጋብቻ መምጣት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። የንጉሡ የቀድሞ ሚስት ተዋበችም ቴዎድሮስ በአይሻል ጦርነት ድል የነሷቸው የራስ አሊ ልጅ ነበሩ፤ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ዳዊቱን አትዝለሉ። ንጉሡ ሲገቡ እቴጌይቱ ዳዊት እየደገሙ ስለነበር ከመቀመጫቸው አልተነሡም ይባላል። ለምን ቢባሉ፣ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ብለው መለሱ። የታሳሪ ልጅ አሳሪዋን እንዲህ ማለቷ ብዙ ይናገራል፤ ቢሆንም «ይባላል» የሚለውን እንዳትሰርዙት።

ዋናው ጣጣ ቀኑ ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ መቅደላ የተያዘው ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው ይላችኋል። ግድግዳ ላይ በሰቀላችሁት ካሌንደር ኤፕሪል 13 ሚያዝያ 5 ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ሚያዝያ 6 ነበር። ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪን በ28 ስለጨረሱት፣ ከዚያ በፊት ላለው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቀን የካሌንደራችሁን ውጤት በአንድ ከፍ አድርጉ። ያልተማመነ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትን ቀን ማውጫ ሒሳብ) የሚያውቅ ዲያቆን ይጠይቅ፦ የ1860 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 5 ዋለ፣ ቴዎድሮስ የሞቱትም በማግስቱ ሰኞ ነው። እቴጌይቱ ያረፉበት ሜይ 15ም በዚሁ ሒሳብ ግንቦት 8 ይሆናል። ከባላቸው በኋላ የኖሩት 32 ቀን ብቻ መሆኑን የምታዩት ሁለቱን ቀኖች በአንድ አቆጣጠር ስትጽፉ ነው።

መጨረሻው ላይ አትንዛዙ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ጠረፍ ሲጓዙ ታመው ትግራይ ውስጥ አረፉ፤ ከመቀሌ በስተደቡብ ባለችው ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጃቸው ዓለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወደ እንግሊዝ መወሰዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቁማችሁ አቁሙ፤ የእሱ ታሪክ ሌላ ጽሑፍ ነው።