«ምንም አይበላልኝም» ከማለታችሁ በፊት

8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይሰላል። በአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ መሠረት ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልገዋል። ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው 8 ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በዚያች ሆድ ውስጥ ለማይረባ ነገር የሚተርፍ ቦታ የለም። በሥራዬ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች ሁሉ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

እምቢ ሲል ብስኩት መስጠት

ይሄኛው ያንገበግበኛል። እናት ምሳ ታቀርባለች። ልጁ ሁለቴ ጎርሶ አፉን ይዘጋል። ትለምነዋለች፣ ትዘፍንለታለች፣ ስልክ ትከፍትለታለች። ወይ ፍንክች! «ከሚርበው ይሻላል» ትልና ብስኩት ታቀብለዋለች። እሱን ይበላል። መክሰስ ሲደርስ ግን አልራበውም፣ ስለዚህ እንደገና እምቢ፣ እንደገና ብስኩት።

አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መጥታ «ምንም አይበላልኝም» አለችኝ። ትናንት ከጠዋት ጀምሮ አፉ የገባውን አንድም ሳይቀር ንገሪኝ አልኳት። ጠዋት ጣፋጭ የታሸገ እርጎ። ረፋዱ ላይ ጁስ። ከምሳ በፊት ብስኩት፣ «ሁለት ብቻ»። ምሳውን ስላልበላ ወተት በጡጦ። ከሰዓት በኋላ ቺፕስ፣ ታላቅ እህቱ ስትበላ አይቶ። ማታ ደግሞ ወተት። ቆጥራ ስትጨርስ ራሷ ደነገጠች። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ነው የዋለው።

እባካችሁ፣ በደንብ እያደገ ያለ ጤነኛ ልጅ አንድ ምሳ ቢያልፈው ምንም አይሆንም። ሳህኑን ያለ ጭቅጭቅ አንሱት። በመሃል ውኃ ስጡት፣ የሚጠባ ከሆነ ደግሞ ጡት። ቀጣዩን ምግብ በሰዓቱ አቅርቡለት። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፣ ምን ያህል እንደሚበላ ለሱ ተዉለት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ አለ፣ ቻሉት። ክብደቱ እየቀነሰ ወይም ታሞ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ይየው።

ልጁንም «ጣፋጭ ወዳድ» እያላችሁ አትውቀሱት። በ2019 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 20 አዋቂዎችን ይዘው ሙከራ አድርገው ነበር። ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። በሁለቱም ጊዜ የቀረበው ምግብ በስኳር፣ በጨውና በቅባት መጠኑ እኩል ነበር። ሰዎቹ ግን የፋብሪካው ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ። አዋቂው እንዲህ ከሆነ ሕፃኑ ምን ያድርግ?

የማሸጊያውን ፊት ማመን

«በቫይታሚን የበለጸገ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ ከጎኑ የሚስቅ ሕፃን ሥዕል። ይህ ማስታወቂያ ነው። ገልብጡትና በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ዝርዝር አንብቡ። ብዙ ክብደት ያለው ቀድሞ ነው የሚጻፈው። ስኳር መጀመሪያ ላይ ባይታይም ተበታትኖ ሊገባ ይችላል፤ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮዝ፣ ማልቶዴክስትሪን፣ የጁስ ኮንሰንትሬት (ውኃው ወጥቶ የወፈረ ጁስ) እየተባለ። እነዚህን አንድ ላይ ደምራችሁ አስቡ። 4 ግራም ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ 12 ግራም የሚል ትንሽ እርጎ ላይ ከወተቱ የራሱ ስኳር የተረፈው ሁሉ ማንኪያ ተይዞ የተጨመረ ነው። ማቅለሚያ፣ ሰው ሠራሽ ቃና፣ ኢማልሲፋየር (ዘይትና ውኃን የሚያዋህድ) ካያችሁ ደግሞ የብራዚሉ ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቹ ምግብን በተቀነባበረበት መጠን ለመለየት ባወጡት ኖቫ በሚባለው አመዳደብ አራተኛው ምድብ፣ ማለትም እጅግ የተቀነባበረው ውስጥ ናችሁ። በተራ ሰው ኩሽና እነዚህ ነገሮች እምብዛም አይገኙም።

ጁስን ፍራፍሬ ብሎ መቁጠር

አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጁስ እንዳይሰጥ መክሯል፣ መቶ በመቶ ፍራፍሬ ቢሆንም እንኳ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ለሆነው በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ሙዙን ራሱን ስጡት።

ከከረጢት እየመጠጠ እንዲያድግ መተው

እነዚያ አፍ ላይ ተይዘው የሚመጠጡ የተፈጨ ፍራፍሬ ከረጢቶች ለመንገድ ምቹ ናቸው፣ እሱን አልክድም። ችግሩ ልጁ ማኘክ የሚለማመደው መቼ ነው የሚለው ነው። ከ10 ወር በፊት ጎርበጥ ያለ ምግብ ያልለመደ ልጅ በኋላ አመጋገቡ ሊያስቸግር ይችላል። ድንቹን በሹካ ጨፍልቁለት፣ እንቁላሉን በደንብ አብስላችሁ ቆራርጡለት፣ በእጁ ይያዘው። ይቆሽሽ።

ወተትም ሲበዛ ያው ነው፤ ዓመት ያለፈው ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ከጠጣ አይረን ያለበትን ምግብ ይገፋበታል። «ይህን ከጨረስክ ቸኮሌት አለህ» ማለትም ይቅር፤ አትክልቱን ቅጣት፣ ቸኮሌቱን ሽልማት ታደርጉታላችሁ።

ሦስቴ ሞክሮ «አይወደውም» ማለት

አዲስ ምግብ ለመልመድ 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ያስፈልጋል። ፊቱን ማጨማደዱ እምቢታ አይደለም፣ መገረም ነው። ከሚወደው አጠገብ ትንሽ አድርጋችሁ መልሳችሁ አቅርቡ።

የታሸገ ሁሉ መርዝ ነው ብሎ መሸሽ

የቀዘቀዘ አትክልት፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ፣ በጣሳ ያለ ባቄላ ታሽገው ቢመጡም ችግር የለባቸውም። ባቄላውን ጨው ካለበት በውኃ አለቅልቁት። አይረን የተጨመረበት የሕፃናት ገንፎም ስኳር ከሌለው ይጠቅማል። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ስለ ፋብሪካ ምግብ መጥፎነት ሰምታ የአምስት ወር ልጇን ፎርሙላ አቋርጣ የላም ወተት የጀመረችለት እናት አጋጥማኛለች። የላም ወተት ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ዋና መጠጥ አይሆንም፤ አይረኑ በጣም ጥቂት ነው፣ ለኩላሊቱም ይከብደዋል። ልጃችሁ ጡት የማይጠባ ከሆነ ፎርሙላውን 12 ወር እስኪሞላው አታቋርጡ፣ ዱቄቱንም ለመቆጠብ ብላችሁ አታቅጥኑት።