ብሎኑ ጠበቀ ማለት አጥንቱ ያዘው ማለት አይደለም

ለ3 ሳምንት ዕረፍት ከውጭ የመጣች አንዲት እህት «ዶክተር፣ ከመሄዴ በፊት ጥርሱን ይግጠሙልኝ» አለችኝ። ኢምፕላንቱ፣ ማለትም በጠፋው ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚታሰረውና ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚገጠምበት ብሎን፣ ከገባ ገና 18 ቀኑ ነው። በምላሷ ገፋ አደረገችውና «ንቅንቅ አይልም እኮ!» አለች።

እውነቷን ነው። ግን የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኢምፕላንቱን የሚይዘው የብሎኑ ጥርስ (ዙሪያውን የሚዞረው ጠመዝማዛ ስለት) ነው። ከዚያ ሰውነት በብሎኑ ዙሪያ የተጨመቀውን አጥንት ያነሳና በቦታው አዲስ ይሠራል። አሮጌው ሄዶ አዲሱ ሳይጠነክር ያለው ጊዜ፣ በተለይ 3ኛውና 4ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከሁሉም ደካማው ነው። ያኔ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ትንሽ ያለፈ መነቃነቅ በቂ ነው፤ በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ጅማት ይበቅልበታል። እንዲህ የሆነ ኢምፕላንት መውጣቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ለሁሉም አጥንት አንድ ዓይነት ቅርጽ መጠቀም ነው። ቺፕውድ ላይ ብሎን ያሰረ ሰው ይገባዋል፤ ዞሮ ዞሮ ይላላል። የላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል እንደዚያ ሳሳ ያለ ነው። እዚያ ወደ ጫፉ የሚሾል፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ ብሎን ይሻላል፤ ሲገባ አጥንቱን ወደ ጎን እየገፋ ይጨምቀዋል። ቀዳዳውንም ጠበብ አድርጎ መብሳት ያግዛል። የታችኛው መንጋጋ ፊት ግን ወይራ በሉት። ያንኑ ሾጣጣ ብሎን እዚያ በጉልበት ካስገቡት ችግር ነው።

ይህም ሦስተኛው ስህተት ነው፦ «በጠበቀ ቁጥር ይሻላል» ማለት። ቶሎ ጥርስ ለመግጠም ብዙ ባለሙያዎች 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር (የመጠምዘዣ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ማጥበቂያ ይፈልጋሉ። ከልክ ሲያልፍ ግን የተጨፈለቀው አጥንት ደም አያገኝም፣ ይሞታል። የመፍቻው «ቀጭ ቀጭ» ሲከብድ ደስ የሚለው ጀማሪ ሐኪም ነው፤ እኔም ነበርኩ።

አራተኛው፣ ዋጋና የተሠራበትን አገር ጠይቆ የብሎኑ ገጽ ልሙጥ ይሁን ሻካራ አለመጠየቅ። ስዊድናዊው ሐኪም ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ መትከል ሲጀምር ብሎኑ ልሙጥ ነበር። ጥርስ እስኪገጠም ታችኛው መንጋጋ ላይ 3 ወር፣ ላይኛው ላይ 6 ወር ይጠበቅ ነበር። ዛሬ በአሸዋና በአሲድ የሚሻከሩት አጥንት ቶሎ ስለሚይዛቸው፣ ጥሩ አጥንት ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊበቃ ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ግን ይህን ሒሳብ ይርሳው።

እህታችን ተኮሳትራ ሄደች። «በዚያ በኩል ቆሎ እንዳትቆረጥሚ» አልኳት። ለገና ተመልሳ መጣች። ጥርሱን ለመግጠም 40 ደቂቃም አልፈጀብንም።