አንዴ እየመጣ አንዴ የሚጠፋ የሚኒባስ የኤሌክትሪክ ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

የተቃጠለ አምፖል ወይም ፈጽሞ የሞተ ባትሪ ለማግኘት ብዙ አያስቸግርም። ከባዱ፣ መኪናው ጋራዥ ሲደርስ የሚሰወርና መንገድ ላይ ሲወጣ ተመልሶ የሚመጣ ብልሽት ነው። ጠዋት ያለ ችግር የተነሣ ሚኒባስ እኩለ ቀን ላይ ተሳፋሪ ጭኖ ሳለ አልነሣም ይላል፤ የፊት መብራቱ ኮረኮንች ላይ ይጠፋና አስፋልት ላይ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የሚደረገው ዕቃ በመቀየር መሞከር ነው፤ በመጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ ከዚያም ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ይቀየራል። ይሁን እንጂ ብልሽቱ በአብዛኛው የሚገኘው እነዚህን ዕቃዎች በሚያገናኙት ሽቦዎች፣ ሶኬቶችና ብሎኖች ላይ ስለሆነ፣ ባለንብረቱ ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላም ችግሩ እንዳለ ይቆያል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ሃይስ ታሳቢ ያደረገ ቢሆንም፣ በ12 ቮልት ለሚሠራ ማንኛውም ቫን ያገለግላል።

ሥራው የሚጀምረው በመመዝገብ ነው። ብልሽቱ በታየ ቁጥር ሞተሩ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ እንደነበር፣ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ፣ መንገዱ ምን ዓይነት እንደነበር፣ በዚያች ቅጽበት ምን ምን መብራት ወይም ዕቃ እንደበራና አብሮ የጠፋ ሌላ ነገር መኖሩን ሾፌሩ ይጻፍ። ከዝናብ በኋላ መጥቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋ ችግር ውኃ ወደ ሶኬት ወይም ወደ ፊውዝ ሳጥን እንደሚገባ ያመለክታል፤ በክረምት የፊት መስተዋቱ ጎማ ባረጀበት መኪና ላይ ውኃው ከዳሽቦርዱ ሥር ወደ ሽቦዎቹ ሊንጠባጠብ ይችላል። በመንገጫገጭ የሚመጣ ችግር የላላ ወይም ውስጡ የተቆረጠ ሽቦን፣ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ደግሞ በሙቀት የሚላቀቅ ግንኙነትን ወይም ያረጀ ሪሌን፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ትእዛዝ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያን፣ ያስጠረጥራል። ሁለት ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ የሚጠፉ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ለየብቻ መፈተሽ ድካም ነው፤ ሁሉም የሚጋሩትን ፊውዝ ወይም ማሳ፣ ማለትም በመኪናው ብረት በኩል ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኛቸውን መስመር መፈለግ ይገባል።

መኪናው አልነሣም ባለበት ሰዓት ቁልፉን ደጋግሞ ማዞር ማስረጃውን ያጠፋል። ይልቁንም የፊት መብራቱን አብርተው አንድ ጊዜ ብቻ ያስነሡ። መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደከመ ባትሪው ወይም የባትሪው ተርሚናል ይጠረጠራል። መብራቱ ሳይደክም አንድ ጊዜ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ችግሩ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ወፍራም ገመድ ወይም በራሱ በሞተሪኖው ውስጥ ባሉት የመዳብ መገናኛዎች ላይ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ መገናኛዎች በቶዮታ መኪኖች ላይ ተበልተው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት እነርሱን ብቻ ማስቀየር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መብራቱም ሳይደክም ድምፅም ሳይኖር ከቀረ ደግሞ ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም ማለት ስለሆነ፣ የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌውና ቀጭኑ የትእዛዝ ሽቦ ይፈተሻሉ።

ለምርመራው ከሁሉ የሚያስፈልገው ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካ ተራ መልቲሜትር ነው። መኪናው ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ በግማሽ ተራቁቷል። በሚነሣበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ቻርጁ አንሷል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት ይኖርበታል። ይህ ቁጥር አንዴ ትክክል፣ አንዴ ዝቅተኛ የሚሆን ከሆነ የዲናሞውን ቺንጋ ውጥረት፣ ከጀርባው ያለውን ሶኬትና የካርቦኖቹን ርዝመት ይመልከቱ። ዲናሞው መሥራቱን ለማረጋገጥ ተብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ግን ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት የዲናሞውን ዳዮዶችና የሞተሩን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንድረስ። ብዙ ባለሙያዎች ሽቦን የሚፈትሹት በመልቲሜትሩ የጩኸት ምልክት ወይም በመብራት ቴስተር ነው፤ ይህ ዘዴ ግን ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት አይበቃም። ከሃያ የመዳብ ክሮች አንዲት ብቻ የቀረችለት ሽቦ መልቲሜትሩን ያስጮኻል፣ ጭነት በሌለበትም 12 ቮልት ያሳያል፤ ከባድ ጭነት ሲመጣበት ግን አይችልም። ሞተሪኖ ሲነሣ 150 አምፔር ይስባል ብንል፣ የአንድ መቶኛ ኦም እንቅፋት ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል፤ ይህን ያህል አነስተኛ እንቅፋት ደግሞ ተራ መልቲሜትር በኦም መለኪያው ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ መለካት ያለበት ዕቃው እየሠራ፣ በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መልቲሜትሩን በ20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ቅባትና ዝገት በሌለበት የሞተር ብረት ላይ አሳርፈው ሌላ ሰው መኪናውን እንዲያስነሣ ያድርጉ። ጫፉ የሚያርፈው በገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ምሰሶ ላይ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በምሰሶውና በማሰሪያው መካከል ያለው ነጭ አረንጓዴ ዝገት ራሱ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ የማሳው ገመድ ወይም ብሎኑ ችግር አለበት። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ተመሳሳይ ልኬት ተደርጎ ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። ማሳው የታሰረበትን ቦታ ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ ማጥበቅ፣ በእኔ ግምት አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ሁልጊዜ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው። ባትሪውን ሲፈቱ በመጀመሪያ ኔጋቲቩን ይንቀሉ፤ ሲመልሱ ደግሞ እርሱን በመጨረሻ ይሰሩ።

የኋላ መብራቶች ማሳ ሲበላሽ ምልክቱ ልዩ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ወይም የፓርኪንግ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ አብሮ ይበራል። ይህም የፍሬን መብራቱ ኤሌክትሪክ በማሳው በኩል መውጫ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል በኩል ስለሚመለስ ነው።

ቀጥሎ ሽቦ በተደጋጋሚ የሚታጠፍባቸውን ቦታዎች ይፈትሹ። የኋላ በር ወደ ላይ በሚከፈትበት መኪና ከጣሪያው ወደ በሩ በሚያልፈው የጎማ ቱቦ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች፣ በሩ በቀን ብዙ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ከላስቲካቸው ውስጥ ይቆረጣሉ። ከውጭ ሲታዩ ደህና ስለሚመስሉ፣ ቱቦውን አውጥቶ እያንዳንዱን ሽቦ ለስለስ አድርጎ መጎተት ያስፈልጋል፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ሽቦ መዳቡ ተቆርጧል። ሌሎቹንም ሽቦዎች መብራቱን አብርቶ ወይም መልቲሜትሩን አገናኝቶ አንድ በአንድ እያነቃነቁ መከታተል ነው። ፊውዞችን በተመለከተ፣ ፊውዙ ባይቃጠልም መቀመጫው ሰፍቶ ወይም በሙቀት ጠቁሮ ሊሆን ይችላል። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ መተካት ግን ተሳፋሪ በሚጭን መኪና ላይ እሳት መጋበዝ ነው፤ 10 አምፔሩ ቀይ፣ 15ቱ ሰማያዊ፣ 20ው ቢጫ፣ 30ው አረንጓዴ ስለሆነ በዚያው ቀለም መተካት አያስቸግርም።

ከፋብሪካ በኋላ የተጨመሩትን ዕቃዎች፣ ማለትም የድምፅ ማጉያውን፣ የስልክ መሙያውን፣ የጌጥ መብራቶቹንና አላርሙን፣ ለብቻ ማየት ይገባል። ሽቦ ተልጦ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለበት ቦታ ሲንቀጠቀጥ ይላላል፣ ሲረጥብም ይዝጋል። መኪናው ቆሞ ባትሪው የሚያልቅ ከሆነ መልቲሜትሩን በ10 አምፔር መለኪያ በኔጋቲቩ ምሰሶና በገመዱ መካከል አስገብተው፣ ሁሉም ነገር ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንብቡ፤ በዚህ ጊዜ ቁልፉ እንዳይዞር ይጠንቀቁ። ከ0.05 አምፔር የማይበልጥ ልኬት ጤናማ ነው፤ ግማሽ አምፔር ግን ባለ60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ5 ቀን ባዶ ያደርጋል። ፊውዞችን አንድ በአንድ ሲነቅሉ ቁጥሩ የወደቀበት መስመር የሚፈለገው ነው።

ጥገናው ሲደረግ ሽቦው በትክክለኛ መገናኛ ተጨፍልቆ ወይም በሊድ ተበይዶ፣ በሙቀት በሚጠብ ቱቦ ተሸፍኖ፣ እንዳይወዛወዝ ከሻሲው ጋር መታሰር አለበት። መኪናውን ከጋራዥ ከማውጣትዎ በፊትም ሾፌሩ የጻፈውን ሁኔታ መልሰው ይፍጠሩ፤ ብልሽቱ በዝናብ የሚመጣ ከነበረ መስተዋቱ ላይ ውኃ ያፍስሱ፣ በኮረኮንች ከነበረ በዚያው መንገድ ይንዱት፣ በሙቀት ከነበረም ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ጠብቀው ከቀድሞው ጋር የሚነጻጸር የቮልት ልኬት ይውሰዱ።