የድሮ ኮምፒውተር ቦርድን በቤት ውስጥ መልሶ መሥራት

መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ ከመግዛታችሁ በፊት አይሲው (ባለ ብዙ እግር ቺፑ) እንደሚገኝ አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ኪም-1 ለጀማሪ አይመከርም፤ ሁለቱ 6530 አይሲዎቹ ፕሮግራማቸው ከፋብሪካ ተቀርጾባቸው የወጡ ስለሆኑ ምትካቸው በቀላሉ አይገኝም። በ6502 ፕሮሰሰር የሚሠራና የተለመዱ አይሲዎችን የሚጠቀም ትንሽ ቦርድ ምረጡ። የ6502 ተተኪ የሆነው 65ሲ02 ዛሬም ይመረታል።

ባዶውን ቦርድ በስካነር፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አንሱት፤ በስልክ ከተነሳ ጠርዙ ይጎብጣል። አይሲዎቹ ያሉበት ብርቅ ቦርድ ከሆነ ግን ለመገልበጥ ብላችሁ አትንቀሉት፣ ያሳዝናል። የመዳቡን መስመር በኪካድ (በቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር) ተከትላችሁ ሣሉ፤ በሁለት ጎረቤት እግሮች መካከል 2.54 ሚሊ ሜትር፣ በምስሉ ላይ 60 ፒክስል ሊኖር ይገባል። አትማችሁ ባለ 40 እግሩን አይሲ ለኩ፦ ከእግር 1 እስከ እግር 20 በትክክል 48.26 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከጎደለ ሶኬቱ አይገባም።

ሥዕሉን በሌዘር ፕሪንተር በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ አትሙ። የላይኛው ገጽ በመስታወት ግልባጭ ይታተማል፣ የታችኛው እንዳለ። መዳቡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ በአሴቶን ጥረጉ፤ በክረምት ወረቀቱ እርጥበት ስለሚይዝ ቀድማችሁ አድርቁት፣ አለበለዚያ ቀለሙ ይነሳል። የታተመውን ገጽ በመዳቡ ላይ ደፍታችሁ ያለ እንፋሎት በጋለ ካውያ አጥብቃችሁ ተኩሱ። መብራት ቢጠፋ የከሰል ካውያም ይሆናል፤ አመዱ እንዳይረግፍ ብቻ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ወረቀቱን በጣት አሹ።

ሁለቱ ገጾች እንዲገጥሙ መጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች ብሱና በመርፌ አስተካክሉ። ብዙ ቦርድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ የሚበላውን ፌሪክ ክሎራይድ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ ቦርዱን ንከሩበት፤ ፈሳሹ የብረት ዕቃም ይበላል። ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ሥራው ስለሚዘገይ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ያለቀውን ፈሳሽ ጣናም ሆነ ዓባይ ውስጥ አትድፉ፤ በውስጡ የቀረው መዳብ ዓሣ ይጎዳል። በተዘጋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቆዩት።

ለአይሲ እግር በ0.8፣ ለማገናኛ በ1 ሚሊ ሜትር ብሱ። የፋብሪካ ቦርድ ቀዳዳው ውስጡ በመዳብ የተለበጠ ነው፣ የእናንተ ግን አይደለም፤ ስለዚህ ከላይም ከታችም በየዱ። ተራ ሶኬት የላይኛውን ብየዳ ስለሚሸፍን ክብ እግር ያለውን ወስዳችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት። በየአይሲው አጠገብ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አይቅር።

ከድሮው 6502 ወደ 65ሲ02 ስትቀይሩ ከእግር 1 ተጠንቀቁ። በድሮው መሬት (የኃይሉ 0 ቮልት) ነው፣ በአዲሱ ግን ምልክት ያወጣል፤ በአሮጌው ሥዕል ከመሬት ጋር ከታሰረ አይሲው ሊጎዳ ይችላል። መስመሩን ቁረጡ፣ እግር 36ን ደግሞ ከ5 ቮልት ጋር አገናኙ።

ከሶላር ባትሪ 12 ቮልት በ7805 (ወደ 5 ቮልት በሚያወርድ አይሲ) ብትጠቀሙ በ1 አምፔር 7 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀት ማብረጃ ካላሰራችሁለት ራሱን ያጠፋል። አይሲ ሳትሰኩ መጀመሪያ በፕሮሰሰሩ ሶኬት ላይ እግር 8ን ከእግር 21 አንጻር በቴስተር ለኩ፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ካላነበበ አትሰኩ።