የእንግሊዝኛ ቃላትን በንባብ ማዳበር፦ ከዕለት ኑሮና ከሳይንስ ጽሑፎች እንዴት እንማር?

የቃላት ዝርዝር በመሸምደድ እንግሊዝኛ ቢታወቅ ኖሮ ግማሻችን እስካሁን አስተርጓሚ ሆነን ነበር። ዝርዝሩ ማታ ይሸመደዳል፣ ጠዋት ይተናል። የሚያዋጣው ቃሉን ሥራ ላይ እያለ ማግኘት ነው፤ በንባብ ማለት ነው። ከንባብ ደግሞ እኔ የማስቀድመው ስለ ዕለት ኑሮ የሚያወራ ሳይንስ ነው። ሽንኩርት ለምን ያስለቅሳል? ሳሙና ቅባት እንዴት ያስለቅቃል? የታጠበ ልብስ ውሃው ሳይፈላ እንዴት ይደርቃል? ነገሩን በኑሯችሁ ስለምታውቁት እንግሊዝኛው ቢያስቸግርም ሐሳቡ አይጠፋባችሁም። ልብ ወለድ ላይ ግን ቃሉም አዲስ፣ ታሪኩም አዲስ ነው። ጀማሪ በሁለት በኩል ይሰቃያል።

አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ልካችሁ የሆነ ጽሑፍ ፈልጉ

አንድ መቶ ያህል ቃል ያለው አንቀጽ ውሰዱና የማታውቁትን ሁሉ በእርሳስ አስምሩ። ሁለት ሦስት ከሆነ ደህና ነው። ከአምስት ከበለጠ ያንን ጽሑፍ ለጊዜው ተዉት። በቃላት ትምህርት ላይ ብዙ የጻፉት ፖል ኔሽን፣ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በደንብ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ይጠይቃል ይላሉ። ከ50 ቃል አንዱ ብቻ አዲስ ይሁን እንደማለት ነው። እኛ ለልምምድ ስለምናነብ ትንሽ ከበድ ቢል ግድ የለም። በጣም ከበዛ ግን ንባቡ ይቀርና መዝገበ ቃላት ስታገላብጡ ትውላላችሁ።

የት ይገኛል? ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ «ሲምፕል ኢንግሊሽ» የሚባል፣ በቀላል እንግሊዝኛ የሚጻፍ ራሱን የቻለ እትም አለው። ስለ ሳሙና ወይም ስለ እንቅልፍ እዚያ አንብባችሁ ስትጨርሱ ያንኑ ርዕስ በዋናው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ክፈቱት። ሐሳቡን ስለያዛችሁት አይከብዳችሁም። የልጆች ኢንሳይክሎፔዲያም ግሩም ነው፤ የሚያፍር ካለ ሽፋኑን ይሸፍነው። በጥቂት ቃል ብዙ ማለት አይቻልም ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ፣ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የጀመረው ዝግጅት በ1500 ያህል መሠረታዊ ቃላት ዜናም ሳይንስም ያቀርብ እንደነበር አስታውሱ።

የጥናት ጆርናሎችን ግን አሁን አትንኩ። እነሱ የሚጻፉት ለባለሙያ ነው፤ ማንም ምንም አያብራራላችሁም።

2. አንድ ርዕስ ላይ ሙጭጭ በሉ

ዛሬ ስለ ጨረቃ፣ ነገ ስለ ጥርስ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ዝሆን ካነበባችሁ ቃላቱ አንዴ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ስለ እንቅልፍ ብቻ አምስት ስድስት አጫጭር ጽሑፎች በተከታታይ ስታነቡ ግን እነዚያው ቃላት ይመላለሳሉ። ክለሳውን ጽሑፉ ራሱ ይሠራላችኋል።

3. መጀመሪያ ሳታቆሙ እስከ መጨረሻው አንብቡ

ስልክም መዝገበ ቃላትም ዘወር ይበል።

4. የትኛውን ቃል ልያዝ?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚተወውም እዚህ ነው፤ ያሰመረውን ሁሉ ደብተር ላይ ይገለብጥና በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ማየት ያስጠላዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ዓይናችሁ ረጅሙና አስፈሪው ቃል ላይ ማረፉ አይቀርም። «ኢንዛይም»፣ «ሞለኪውል»፣ «ኢቫፖሬሽን»። እነሱን ለጊዜው እለፏቸው። ለሁሉም ሰው የተጻፈ የሳይንስ ጽሑፍ ከባድ ስያሜ ሲያመጣ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙንም ይዞ ይመጣል። ከስያሜው አጠገብ «ኮልድ» (የሚባል)፣ «ኖውን አዝ» (በዚህ ስም የሚታወቅ) ወይም «ዊች ኢዝ» (ይኸውም) ካያችሁ ማብራሪያው እዚያው ነው። አንዳንዶቹን ደግሞ በአማርኛም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው።

ማንም የማያብራራላችሁ በስያሜዎቹ መካከል ያሉትን ተራ ግሦች ነው። ጸሐፊው «ይህንንማ ማን ያጣዋል» ብሎ ያልፋቸዋል። ዓረፍተ ነገሩን የሚያስኬዱት ግን እነሱ ናቸው።

ሽንኩርቱን እንየው። ሽንኩርት ሲቆረጥ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ውስጣቸው ተለያይተው የቆዩት ኢንዛይሞችና ሌሎች ኬሚካሎች ይገናኛሉ። ከዚያ ሰልፈር ያለበት ጋዝ ይፈጠርና ወደ አየር ይወጣል። ጋዙ ዓይን ጋ ሲደርስ ይቆጠቁጣል፤ የእንባ ዕጢዎችም ዓይኑን ለማጠብ እንባ ያፈሳሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ብታነቡት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዚህ የሚያዘው ቃል የትኛው ነው? የጋዙን ስም ተዉት፤ ከኬሚስት በቀር የሚጠራው የለም። «ሪሊዝ»ን ያዙ። የተቆረጠ ሽንኩርት ጋዝ «ሪሊዝ» ያደርጋል። ነገ ይኸው ቃል እስረኛ ሲፈታ ዜና ላይ ይመጣል፤ ከነገ ወዲያ ዘፋኝ አልበም ሲለቅ፤ ሌላ ቀን ሰውነት ሆርሞን ሲያመነጭ። «ሪአክት»ም እንዲሁ ነው። ኬሚካል ከኬሚካል ጋር «ሪአክት» ያደርጋል፣ ሰውም ለሰማው ወሬ። «ትሪገር» የጠመንጃ ቃታ ነው፤ ግሥ ሲሆን ግን አንዱ ነገር ሌላውን ማስነሳቱን ይናገራል። ጋዙ እንባን፣ አቧራ አስምን፣ አንዲት ቃል ጠብን «ትሪገር» ታደርጋለች። «ብሬክ ዳውን» ደግሞ አለላችሁ፦ ሆድ ምግብ ሲፈጭ፣ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም፣ ሰው ሆድ ብሶት ሲያለቅስ።

እነዚህን ከሽንኩርቱ ጽሑፍ ብትይዙ ስለ ሳሙናውም ስለ እንቅልፉም ስታነቡ ይጠቅሟችኋል። የጋዙ ስም ግን እዚያው ሽንኩርቱ ጋ ይቀራል።

የባሱት ደግሞ የምታውቋቸው የሚመስሉ ቃላት ናቸው። «ሶሉሽን» መፍትሔ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ ኬሚስትሪ ላይ ግን ለምሳሌ ጨው የሟሟበት ውሃ ነው። «ካልቸር» ባህል ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን በሳህን የሚያሳድጉት ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። «ቲሹ» ሶፍት ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲሆን ሕብረ ሕዋስ። አታላይነታቸው አዲስ ቃል ስለማይመስሉ ነው፤ አታሰምሩባቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቃሉን ሁሉ እያወቃችሁት ትርጉም አልሰጥ ካለ ከመካከሉ እንዲህ ዓይነት ቃል ፈልጉ።

ትንንሾቹንም አትናቁ። «ሜይ» (ሊሆን ይችላል)፣ «ላይክሊ» (ሳይሆን አይቀርም)፣ «ቴንድ ቱ» (ብዙ ጊዜ ይሆናል)፣ «አንለስ» (ካልሆነ በቀር)፣ «ዌርአዝ» (በአንጻሩ ግን)። «እንቅልፍ ይነሳል» እና «እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል» አንድ አይደሉም፤ ጥሩ የሳይንስ ጸሐፊ ልዩነቱን አስቦበት ነው የሚጽፈው። «አንለስ»ን ዘላችሁ ካነበባችሁማ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገባችሁ።

በአንድ ጽሑፍ አምስት ስድስት ቃል ይበቃል። የቀረው ቀርቶብን አይደለም፤ የሚያስፈልግ ከሆነ በሚቀጥለው ጽሑፍ ይመጣል።

5. መጀመሪያ ገምቱ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ክፈቱ

ግምታችሁን በእርሳስ ዳር ላይ ጻፉት። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ጥሩ ነው፤ የተሳሳተ ግምት ሲታረም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ስልክ ላይ ቃሉን ነካ ሲያደርጉት አማርኛውን ብቅ የሚያደርገውን ነገር እኔ አልወደውም። ጭንቅላት ሳይለፋ መልሱን ስለሚያገኝ ቃሉ ሳይውል ሳያድር ይጠፋል። ደግሞም ከብዙ ትርጉም አንዱን መርጦ ስለሚሰጣችሁ ጨዋማውን ውሃ «መፍትሔ» ሊላችሁ ይችላል። ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ይሻላል። ሎንግማን ለተማሪዎች ያዘጋጀው ለምሳሌ ፍቺዎቹን የሚጽፈው በ2000 ያህል በተመረጡ ተራ ቃላት ነው፤ ፍቺውን ማንበቡ ራሱ ልምምድ ነው። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹንም አትዝለሉ።

የነገር ስም ከሆነ ግን ያለ ምንም ይሉኝታ አማርኛውን እዩ። አካል ውስጥ የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ አራት መስመር ከማንበብ «ጉበት» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

እግረ መንገዳችሁን ድምፁን ተጫኑና ስሙት። የእንግሊዝኛ ፊደል አይታመንም። «ቲር» ሲባል እንባ፣ «ቴር» ሲባል መቅደድ የሆኑት ሁለት ቃላት አጻጻፋቸው አንድ ነው።

6. ዓረፍተ ነገሩን ጻፉ፣ ከልሱ

ቃሉን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ አድርጎ መደርደር ያው ዝርዝር መሸምደድ ነው፤ ተመልሰን እዚያው። ቃሉን ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር አሳጥራችሁ በትንሽ ካርድ ላይ ቅዱት፣ ቃሉ የነበረበትን ቦታ ባዶ ተዉት። ቃሉን ከጀርባ ጻፉ። ስትከልሱ ባዶውን ሙሉ። ባለ ቀለም ማድመቂያና ያሸበረቀ ደብተር ዕለቱን ደስ ይላል፤ ቃሉን ግን አያስታውስላችሁም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተማርነው በፍጥነት የሚጠፋው ከተማርን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክለሳ አይዘግይ፤ በማግስቱ ይሁን። ከዚያ በኋላ እያራራቁ መሄድ ይቻላል። የሳይንስ ጋዜጠኛው ዜባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የሳጥን ዘዴ ለዚህ ምቹ ነው። ሳጥኑን በሦስት ክፈሉት። አንደኛውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በየሳምንቱ እዩ። በትክክል የመለሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የጠፋባችሁ ደግሞ የትም ይሁን የት ወደ አንደኛው ይመለሳል። ካርድ መቁረጥ ለሰለቸው አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ቀኑን ራሱ እያሰላ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን የብዙ ሺህ ቃል ጥራዝ ግን አታውርዱ። ዓረፍተ ነገሩን ያላነበባችሁት ቃል ከባዶ ነው የሚጀምራችሁ።

7. ዘግታችሁ ተናገሩት

ጽሑፉን ዝጉና ሽንኩርት ለምን እንደሚያስለቅስ በአምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ሰዋስው ቢሰባበር ግድ የለም፤ እንደ ዜና አንባቢ መሆን አይጠበቅባችሁም። የተንተባተባችሁበትን ቦታ ግን ልብ በሉት። እዚያ ጋ የጎደለው ብዙ ጊዜ ግሥ ነው። ወደ ጽሑፉ ተመለሱና ጸሐፊው እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ እዩ፤ ያ ቃል ያለ ምንም ክርክር ካርድ ይገባዋል።

ርዕስ የሚቀየረው መቼ ነው? ሁለት ጽሑፍ በተከታታይ አንብባችሁ የሚጻፍ ቃል ካጣችሁ ርዕሱ አልቆባችኋል። ስትቀይሩ ሩቅ አትሂዱ። ከሽንኩርት ወደ ሽታና ጣዕም፣ ከሳሙና ወደ ባክቴሪያ፣ ከእንቅልፍ ወደ ሆርሞን ብትሻገሩ የያዛችኋቸው ቃላት ብዙዎቹ እዚያም ይጠብቋችኋል።